የእናቴ አንገት

ቁጡ አሰልጣኝ ነኝ። የጠዋቱን የሴቶች ክፍል ከያዝኩ ወዲህ «ኧረ ቀስ በይ፣ ወታደር ቤት አልገባንም እኮ!» ያላለችኝ ሴት የለችም። ጂማችን ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ነው። ሶፋ ሊገዛ የገባ ሰው ጣሪያው ሲንቀጠቀጥ ደንግጦ ቀና ሲል ሻጩ «አይዞህ፣ ሴቶቹ ናቸው» ይለዋል። ነፋሱ ከቆሼ በኩል ሲመጣ መስኮቱን እንዘጋለን፤ ሲዘጋ ደግሞ የራሳችን ላብ ይብስብንና መልሰን እንከፍተዋለን።

እናቴ እዚህ የመጣችው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ስኳሯ ከፍ ብሎ «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ሲላት «ከዚህ በላይ ምን ልንቀሳቀስ? ገበያውም እኔ፣ ማኅበሩም እኔ፣ ለቅሶውም እኔ» ብላው ወጣች። እኔ ግን የሰው እናት ላብ በላብ እያደረግሁ የራሴን ቤት ማስቀመጡ አሳፈረኝና ጎትቼ አመጣኋት።

በመጀመሪያው ቀን ከቀሚሷ ሥር የኔን ቱታ ሱሪ ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንገቷን በአንገት ልብስ ጠምጥማ ገባች። «እማማ፣ ነጠላውን ይጣሉት እንጂ፣ ቅዳሴ መሰለዎት እንዴ?» አሏት ሴቶቹ። «ቅዳሴ ቢሆንማ እንዲህ ያለ ጩኸት ባልተከፈተ» አለችና ነጠላዋን አጣጥፋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። የአንገት ልብሱን ግን አልፈታችም። ብርድ ይመታኛል ነው ያለችው፤ ክፍሉ ውስጥ እኛ በላብ ተዘፍቀናል።

እውነቱን ለመናገር ከጠበቅሁት በላይ በረታች። ዳምቤሉን ስሰጣት በአንድ እጇ መዘን አድርጋ «እንስራ ተሸክሜ ዳገት የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ከዚህ ከበድ ያለ የለም?» አለችኝ። ከእሷ በዕድሜ የሚያንሱት ቁና ቁና ሲተነፍሱ እሷ ቆማ ታበረታታለች። ማት አንጥፈን በጀርባችን የምንተኛበት ሰዓት ሲደርስ ግን ቀስ ብላ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ትሄዳለች። «ወገቤ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፣ ግን ቅር ይለኛል፤ ስፖርትን በምክንያት የሚሸሽ ሰው አልወድም።

ከጂሙ ደንበኞች ውስጥ እናቴ የማትወደው አንድ ሰው ነበር። ከሴቶቹ ክፍል ቀጥሎ ብረት የሚገፋ ወጣት ነው፤ አስኮ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ታቱ ይሠራል። ሁለት ክንዶቹ እስከ አንጓው በንቅሳት ተሞልተዋል። ጥላቻዋ የመጣው ግን ከእሱ ክንድ ሳይሆን ከእኔ ነው። እኔም ክንዴ ላይ እሱ የነቀሰኝ ወፍ አለችኝ፤ ክንፏን ዘርግታ የምትበር ወፍ ናት፤ እናቴ ግን ካየቻት ቀን ጀምሮ ዶሮ አድርጋታለች። ሆን ብላ ጠዋት ጠዋት «ዶሮዋ ደኅና አደረች?» ትለኛለች። ልጁን ስታየው ደግሞ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እግዜር ንጹሕ አድርጎ የሰጠውን ቆዳ ማስታወቂያ አደረገው» ትላለች። እሱ ትሑት ነው፣ ጎንበስ ብሎ «ደኅና አደሩ ማዘር» ብሎ ያልፋል።

«አንቺስ? አንገትሽን ዙሪያውን ተነቅሰሽ የለ?» እላታለሁ።

«የኔ ጌጥ ነው። የናንተ የአጥር ላይ ጽሑፍ ነው» ትለኛለች። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

የእናቴ ንቅሳት የጎጃም ንቅሳት ነው። አንገቷን የሚዞሩ መስመሮች አሉ፣ በመስመሮቹ መካከል ደግሞ የተበታተኑ ነጠብጣቦች። አዲስ አበባ ከገባች በኋላ መሸፈን ጀመረች። እኛ ልጆቿ የከተማ ሰው «ባላገር» እንዳይላት አፍራ ይመስለን ነበር፤ እሷም እንዲያ ነው ብላ አታውቅም፣ አይደለም ብላም አታውቅም። ትንሽ እንቅርት እንዳለባትም እናውቅ ነበር። ልጅ ሆነን ስታቅፈን የምንነካካት ለስላሳ እብጠት ነበረች። ከዚያ ወዲህ አንገቷ በጨርቅ ተሸፍኖ ስለኖረ ያየ የለም።

አንድ ጠዋት መብራት ሄዶ ሙዚቃው ቆመ። ውኃም አልነበረም። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ቱግ አልኩና «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አሉ!» ብዬ ጮኽኩ። ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ የአንገት ልብሷን ወደ ላይ ሳብ አደረገችው። አየኋት፣ ግን ምንም አልመሰለኝም። ይልቁንም በመብራቱ የተናደድኩትን በእሷ ላይ ተወጣሁት። ማት የሚነጠፍበት ሰዓት ደርሶ እሷ ወደ ወንበሯ ስታመራ «ወገብ ነው ካልሽ ወገብን የሚያጠነክረው ይሄው ነው። ዛሬ ምክንያት የለም፣ ተኚ» አልኳት።

ሴቶቹ ሁሉ እያዩን ነበር። ተማሪዎቼ ፊት ልታሳፍረኝ አልፈለገችም መሰለኝ፣ ማቱ ላይ ቁጭ አለች፣ ከዚያ በጀርባዋ ተኛች።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ነገር። እግር አንሱ እያልኩ ስቆጥር ነበርና ከማን እንደመጣ አላወቅሁም። ዞር ስል ዓይኖቿ ፈጥጠዋል፣ በሁለት እጇ የአንገት ልብሱን ትጎትታለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ዘልዬ ብብቷን ይዤ ቀና አደረግኋትና ጨርቁን ፈታሁት። ጎረቤታችን የሆነች አንዲት ጴንጤ ሴት «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!» እያለች ጀርባዋን ታሻት ጀመር። ትንፋሿ ተመለሰ። እንደተመለሰ የተናገረችው «የአንገት ልብሴን» ነበር።

ግን እንቅርቱን ሁላችንም አየነው። በቀኝም በግራም ተቆዝሮ ወደ ደረቷ ወርዷል፤ ንቅሳቱ በላዩ ላይ ተለጥጧል። ለስንት ጊዜ ሦስት ትራስ ደርባ ቁጭ ብላ ስትተኛ «ቃር ነው» ብላኝ እኔም ቃር ነው ብዬ እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ። ሙያዬ የሰው ትንፋሽ መስማት ነው፤ የእናቴን አልሰማሁትም።

ቤቴል ያለው ክሊኒክ ወደ ሆስፒታል ላካት። ቀዶ ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ አነጋገሩ ደግሞ ረጋ ያለ። «እንቅርቱ የአየር ቧንቧዎን እየገፋው ነው። መውጣት አለበት። ከቆየ አንድ ቀን ትንፋሽ ያሳጣዎታል» አላት።

«የት ላይ ነው የምትቀደው ልጄ?» አለችው።

ጣቱን በራሱ አንገት ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬደው። እናቴ አሳይቶ እስኪጨርስ ጠበቀች፣ ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ አንገቷን ጠምጥማ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ስደርስባት «አልቀደድም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍነውን ጊዜ ባላስታውሰው ይሻለኛል። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ዘመድ ላክሁባት። እሷ ጸበል ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትራሶቿን ደርባ ትቀመጣለች። ቢላ ፈርታ ነው ብዬ ስለ ማደንዘዣ ሳስረዳት «ቢላ ምን ያደርገኛል፣ ስድስት የወለድኩ ሴት ነኝ» አለችኝ። «ታዲያ ምንድነው?» ብዬ ስጮህባት እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ «ይሄን አላስነካም» አለች።

ንቅሳቱን ማለቷ ነበር። ማመን አቃተኝ። የድሮ ሴቶች አንገታቸውን የሚነቀሱት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ያስረዋል ብለውም እንደሆነ ሰምቼ ስለነበር፣ እሷም ማሰሪያው እንዳይበጠስ ፈርታለች ብዬ ደመደምኩ። «አላሰረውማ! ይኸው እያነቀሽ ነው! ለጥቀርሻ ብለሽ ልትሞቺ ነው?» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዶሮዬም መጠየቅ ተወች። ጂም ግን መምጣቷን አላቋረጠችም፤ መጥታ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፣ ከሴቶቹ ጋር ትጫወታለች፣ ለእኔ ግን ከሰላምታ በቀር ቃል የላትም።

አንድ ቀን ሴቶቹ ሄደው እኔ ማት እጠርጋለሁ፣ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ትጠብቀኛለች። ሁሉም ካየው ወዲህ የአንገት ልብሱን ላላ አድርጋው ነበር። ታቱ ሠሪው ልጅ ቦርሳውን አንግቦ ገባ። እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ ሊያልፍ ሲል ዓይኑ አንገቷ ላይ አረፈና ቆመ። ሰላምታውንም ረሳው።

ታቱ ሠሪዎች ልማድ አላቸው። የሌላ ሰው ንቅሳት ሲያዩ ምን ማለት ነው ብለው አይጠይቁም፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን እንደሠራው ነው።

«የማን እጅ ነው ማዘር?» አላት።

አሁን ታዋርደዋለች ብዬ ጨርቄን ይዤ ቀረሁ። እናቴ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ «የእህቴ» አለችው።

አክስት እንደነበረችኝ አውቃለሁ። በልጅነቷ ሞታለች ከመባሉ በቀር ሌላ የሰማሁት የለም። እናቴ ግን ለዚያ ልጅ ነገረችው። ለእናቴ ሠርግ ጥቂት ሲቀር አንገቷ ማበጥ ጀምሮ ነበር፤ ትልልቆቹ ሴቶች «ትነቀስ፣ ጌጥም ይሆናታል፣ ይታሰርላታልም» አሉ። ንቃሿ ከሌላ መንደር ልትጠራ ሲሆን ታላቅ እህቷ «የእህቴን አንገት ሌላ ሰው አይወጋውም» ብላ ጥቀርሻውን ራሷ በጠበጠችው። ከጎጆው ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጣት፣ በመርፌ አንድ በአንድ። «አንዴ ወግታኝ እፍ ትልልኛለች፣ አንዴ ወግታኝ እፍ ትልልኛለች። እኔ አላለቀስኩም፣ እሷ ናት ያለቀሰችው» አለች እናቴ። በሚቀጥለው ክረምት እህቷ በወሊድ ሞተች።

«ፎቶ የሚባል ነገር ያኔ በኛ አገር ማን ያውቃል። መቃብሯም ቤተ ክርስቲያኑ ሰፍቶ ሲሠራ የት እንደገባ ጠፋ። ልጇም አልተረፈ። ከእሷ የቀረኝ ይሄ ነው። ዶክተሩ በቢላ ልሂድበት የሚለኝ በእሱ ላይ ነው» አለችው።

እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ተወልጄ ካደግሁ ጀምሮ የማየውን ነገር የማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ጥቀርሻ ያልኩት እሷን ነበር። አልቅሼ ይቅርታ ብጠይቃት ደስ ባለኝ፣ ግን ወሬዋን ላቋርጣት አልፈለግሁም።

እናቴ ልጁን «ከተቀደደ በኋላ አንተ ልትቀጥለው ትችላለህ?» አለችው።

እሺ ቢላት ኖሮ ያኔውኑ ሆስፒታል ትሄድልኝ ነበር። በዓይኔ ለመንኩት። እሱ ግን ወደኔ አላየም።

«አልዋሽዎትም ማዘር። ጠባሳ ላይ ቀለም እንደ ደኅና ቆዳ አይይዝም። ቢይዝም ደግሞ እኔ የቀጠልኩት የእኔ እጅ ነው የሚሆነው። የእሳቸው አይሆንም።»

እናቴ ግን ራሷን ነቀነቀች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የነገራት ሰው እንዳገኘች ዓይነት ነበር ፊቷ። ልጁ እጁን ታጥቦ መጣና «ይፈቅዱልኛል?» አላት። አገጯን ቀና አደረገችለት። ሳይነካት ብዙ ቆይቶ ተመለከተ።

«ከታች ባሉት ሁለት መስመሮች መሃል ባዶ ቆዳ አለ። ነጠብጣብ እንኳ የለበትም። ዶክተሩ በዚያ መግባት ይችል እንደሆነ ይጠይቁት» አላት።

«እሺ ባይለኝስ?»

«እሱን ያኔ ያስቡታል። መጠየቁ ምን ይጎዳል?»

በነጋታው አብረን ሄድን። ሐኪሙ የአንገት ልብሷን ስትፈታ አየና ጉዳዩን ሰማ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ መጥቶ አጎንብሶ አየው። «ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?» አላት።

«ትስቅብኛለህ ብዬ።»

«ምን ያስቀኛል? የእኔም አያት አላቸው» አለ። ከዚያ በእንቅርቱ ዙሪያ በጣቱ እየዳሰሰ ቆየ። «ቃል አልገባልዎትም። ወደ ውስጥ ገብቶ ካገኘሁት ሰፋ አድርጌ መክፈት የግድ ይሆንብኛል፤ ያኔ ከመስመሩ ትንፋሽዎ ይበልጥብኛል። ከቻልኩ ግን በዚህ ነው የምገባው።»

እናቴ ቀጥሎ የምትናገረው ቃል ሞትና ሕይወቷ እንደሆነ አውቄ የወንበሬን ጠርዝ ጨብጬ ይዣለሁ። «ከቻልክ ነው ያልከው» አለችው። «አዎ፣ ከቻልኩ።» «እንግዲያው ሞክርልኝ ልጄ» አለች።

የቀዶ ሕክምናዋ ዕለት ማኅበርተኞቿ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ታቱ ሠሪውም መጣ፣ እጅጌው እስከ መዳፉ የሚደርስ ሹራብ ለብሶ። ከሴቶቹ መሃል ተቀምጦ ሳለ አንዷ «የማን ልጅ ነው፣ ጨዋ!» ስትል ሰማሁ። ዳቦ ሲያቀብል እጅጌው ሸርተት አለና ሴትየዋ ክንዱን አየች። ዳቦዋን ይዛ ትንሽ ቆየችና «እስቲ ውኃም አምጣልኝ ልጄ» አለችው። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብድግ እያልኩ ስኳት እሠራ ነበር፤ ጥበቃው መጥቶ «እህት፣ ይሄ እኮ ሆስፒታል ነው» አለኝ። ተቀመጥኩ፣ መልሼ ተነሣሁ።

ሐኪሙ ወጣ። «ወጥቷል። ትንፋሻቸው ደኅና ነው» አለን። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጥበቃው እንደገና መጣ። ስለ መስመሮቹ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፣ ግን እናቴን በሕይወት የሰጠኝን ሰው ሌላ ነገር መጠየቅ ከበደኝ፤ እሱም ሄደ። ስትነቃ አንገቷ ከአገጯ እስከ ደረቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ድምፅ የላትም። እጇን ወደ ፋሻው አድርጋ በዓይኗ ጠየቀችኝ። «አላውቅም እማዬ» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች።

ቤት የገባች ዕለት አንድ ትራስ ብቻ አስቀርታ ሌሎቹን ውሰጂልኝ አለችኝ በእጇ። ጠፍጣፋ ሆና፣ በጀርባዋ፣ ልክ እንደ ማንም ሰው ተኛች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ብሎኝማል፤ ግን ከእንቅልፏ በነቃች ቁጥር እጇ ወደ ፋሻው ሲሄድ እያየሁ ምናልባት አድኛት ገድያታለሁ እላለሁ ለራሴ።

ፋሻው የተፈታው ቤቴል ክሊኒኩ ውስጥ ነው። ነርሷ ቀስ እያለች አነሣችው። እናቴ ጣሪያውን ታያለች፣ እኔ እሷን ነው የማየው። የመጨረሻው ጨርቅ ተነሣ።

ጠባሳው በሁለቱ መስመሮች መሃል፣ በባዶው ቆዳ ላይ፣ ቀይ ሆኖ ቀጭን ሆኖ አለ። አንዱንም መስመር አልነካውም። እንዲህ ይሆናል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። ያላሰብነው ሌላ ነገር ነው፤ እኔም፣ ሐኪሙም፣ ያ ንቅሳት ሙያው የሆነ ልጅ እንኳ ያላሰበው። እብጠቱ ሲወጣ የተለጠጠው ቆዳ ተሰብስቦ ነበር። ተራርቀው የኖሩት መስመሮች ተጠጋግተዋል። የተበታተኑ ነጠብጣቦች ይመስሉኝ የነበሩት፣ ዕድሜ ልኬን እንደ ፈሰሰ ጥራጥሬ ሳያቸው የኖርኩት፣ አንድ ላይ ገጥመው ጥቃቅን መስቀሎች ሆነዋል። አንገቷን ዙሪያውን የሚያቅፉ፣ አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዙ፣ እኩል መስቀሎች። እንደዚያ ተደርገው እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር።

መስታወት አልነበረምና የስልኬን ካሜራ ወደ ፊቷ አዙሬ ያዝኩላት። ብዙ ጊዜ አየች። እጄ ዛለ፣ ግን አላወረድኩም። እናቴ ያንን አንገት ካየችው ልጅነቷ አልፎ፣ ትዳሯ አልፎ፣ እኛ ሁላችን ተወልደን አድገናል። እንቅርቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጎተተ ሲወስድባት ራሷም ረስታው ኖራለች። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ነርሷ ቁስሉን እንዳያርሰው ብላ በጥጥ ያዘችው።

ድምፅዋ ገና አልተመለሰም ነበር፤ የሚሰማው ሻካራ ሹክሹክታ ነው። ስልኩን ከእጄ ወስዳ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጣቴን ያዘችና ከጠባሳው ከፍ ባሉት መስቀሎች ላይ ቀስ አድርጋ አስነካችኝ።

«ይቻትልሽ» አለችኝ፤ «አክስትሽ።»